እንግዳ የበዛበት ቤትና የጠፋው መብራት

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሆጤ አካባቢ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ በፈረቃ ስለሚሠራ ብዙውን ሌሊት እዚያው ያድራል። ሁለታችንም ያደግነው እንግዳ በማይታጣበት ቤት ነው።

በየዓመቱ ለግሸን ማርያም የሚመጡ የባለቤቴ ዘመዶችና የዘመድ ወዳጆች ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ እኛ ዘንድ ያርፋሉ። አምና አሥራ አንድ ነበሩ። በግ ታረደ፣ ዶሮ ተሠራ፣ ጠላ ተጠመቀ። ወጪውን የሸፈንኩት ተበድሬ ነው፤ ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩት ለጥምቀት ነው። በዚህ ላይ የባለቤቴ የእህት ልጅ ሥራ ልፈልግ ብሎ መጥቶ ስምንት ወር ተቀምጧል፤ የበላበትን ሳህን እንኳ አያነሣም። ስናገር ባለቤቴ ‹የወሎ ሰው እንግዳ አይሰለችም፤ እንግዳ የክርስቶስ ነው› ይለኛል። አማቴም ከእሱ ጋር ናቸው።

በሐምሌ አንድ ማታ ዝናብ እየጣለ በር ተንኳኳ። ቀኑን ሙሉ ያ ልጅ የጋበዛቸውን ጓደኞቹን ሳበላ ውዬ፣ እነሱም ወጥተው፣ ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ነበርኩ። በመስኮት ሳይ ሕፃን ያዘለች ሴት ናት። ‹የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ› አለች። መልስ አልሰጠሁም። መብራቱን አጠፋሁ። ጥቂት ቆማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም። ኃጢአት ሠርቻለሁ? ዘንድሮ የግሸንን እንግዶች አልቀበልም ብልስ ክርስትናዬ ይጎድላል?

አንድ ነገር ልጨምር። ሙስሊም ጎረቤቴ ሥራ ሲበዛብኝ መጥታ ቡና ታፈላልኛለች። አምና ከእንግዶቹ አንዷ ሴት ‹ከእሷ እጅ አልጠጣም› ብላ ስኒውን መለሰች። ጎረቤቴ ሰምታለች፤ ግን ምንም አላለችም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ማታ እናንሣ፤ እንቅልፍ የነሣሽ እሱ ነውና።

ኃጢአት መሆን አለመሆኑን የምትነጋገሪው ከንስሐ አባትሽ ጋር ነው፤ እኔ የማስርም የምፈታም አይደለሁም። የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ ግን ጥፋቱ ሴትዮዋን አለማሳደርሽ አይደለም። ባልሽ በሌለበት ቤት፣ ሁለት ልጆች ይዘሽ፣ በማታ ለማታውቂው ሰው በር አለመክፈት ጥንቃቄ ነው። ጥፋቱ ዝምታው ነው። ሰው ደጅሽ ቆሞ በእግዚአብሔር ስም ሲጣራ ቤቱን ሰው የሌለበት አስመሰልሽው። በሩን ሳትከፍቺ በመስኮት «እህቴ፣ ብቻዬን ነኝ፤ ላስገባሽ አልችልም፤ ቆይ ጎረቤት ልጥራ» ማለት ይቻል ነበር። ዳቦና አሮጌ ጋቢ በመስኮት ማቀበል ይቻል ነበር። ቡና ለምታፈላልሽ ለዚያችው ጎረቤትሽ መደወል ይቻል ነበር፤ ሁለት ሴቶች ሆናችሁ ብትወጡ ነገሩ ሌላ ነው። ሌላው ቀርቶ የቅርቡን ቤተ ክርስቲያን መንገድ ማሳየትም መልስ ነው። እንግዳ መቀበል ሁልጊዜ ቤት ማስገባት አይደለም፤ የተጣራን ሰው መስማት ግን ሁልጊዜ አለበት።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እንዲያውም ስለ ራስሽ የጻፍሽውን ያህል ክፉ አልመሰልሽኝም። ደክሞሽ ነበር። ያደከመሽ ማን እንደሆነም ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ግን ሁለቱን ነገር አላገናኘሽውም። ያቺን ሴት ከደጅሽ የመለሷት ቀኑን ሙሉ ሲበሉ የዋሉት ወጣቶች ናቸው። አምና በግ የታረደላቸው ተሳላሚዎችም ድርሻ አላቸው። ሊመልሱልሽ ለሚችሉ ሰዎች የተደገሰው ድግስ፣ ምንም ልትመልስ የማትችለውን ሴት ድርሻ በላው። ድርሻ ስል እንጀራውን ብቻ አይደለም፤ ጉልበትሽን፣ ትዕግሥትሽን፣ «ማነው?» ብለሽ የምትጠይቂበትን ድምፅሽን ጭምር ነው።

ጌታ ይህን ነገር በግልጽ ተናግሮታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ከፈሪሳውያን አለቆች በአንዱ ቤት በማዕድ ተቀምጦ ሳለ ወደ ጋባዡ ዞሮ፣ ምሳ ወይም እራት ስታደርግ ወዳጆችህን፣ ወንድሞችህን፣ ዘመዶችህንና ባለጠጋ ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ እነሱ መልሰው ይጠሩሃል፣ ብድርህም በዚያው ያልቃል አለው። ይልቅስ ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን ጥራ፤ የሚመልሱት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ። ሰው ጋብዞ ባበላው ቤት ተቀምጦ እንዲህ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ይህን ቃል ዘመድ መጋበዝ ክልክል ነው ብዬ አላነበውም። የግሸን እንግዶችሽን መቀበል ዝምድና ነው፤ ነገ አዲስ አበባ ስትሄዱ እናንተም እነሱ ዘንድ ታርፋላችሁ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ዝምድናን ጽድቅ ብለን ስንጠራው፣ የጽድቁን ዕዳ የከፈልን ይመስለንና እውነተኛው እንግዳ ሲመጣ እጃችን ባዶ ይሆናል።

የአብርሃምን ነገር አባቶች ሲተርኩ ሳትሰሚ አልቀረሽም። ያለ እንግዳ ማዕድ የማይቀርበው አብርሃም እንግዳ ያጣው፣ ሰይጣን በመንገድ ላይ ተቀምጦ «አብርሃም ደበደበኝ» እያለ መንገደኛውን ሁሉ ስለመለሰበት ነው። አብርሃምም ሦስት ቀን ሳይበላ ከቆየ በኋላ ሥላሴ በእንግድነት መጡለት ይላሉ። በአንቺ ቤት ሰይጣን መንገድ ላይ መቀመጥ አላስፈለገውም፤ ድግሱን ማብዛት በቃው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ይህን ዓምድ የሚያነብ ከሆነ በወንድምነት እንዲሰማኝ እለምነዋለሁ።

ወንድሜ፣ «እንግዳ የክርስቶስ ነው» ማለትህ እውነት ነው፤ ማቴዎስ 25 ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» ያለው እሱ ራሱ ነው። ግን ማን ተቀበለው? አንተ ኮምቦልቻ ሆነህ በስልክ «ኑ» ትላለህ፤ ሽንኩርቱን የምትከትፈው፣ ብድሩን የምትለምነው፣ ሌሊት ፍራሽ የምታነጥፈውና ጠዋት ክፍል ገብታ የምታስተምረው እሷ ናት። ምስጋናው ወደ አንተ ይመጣል፤ ድካሙ እዚያው ይቀራል። ዘፍጥረት 18ን እንደገና አንብበው። አብርሃም የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ጊዜው ቀትር ነው። መንገደኞቹን ሲያይ ከድንኳኑ ደጃፍ ተነሥቶ ሮጠ። ሣራን «ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሰሽ እንጎቻ ጋግሪ» አላት፤ እውነት ነው፣ እሷም ሠራች። እሱ ግን ትእዛዝ ሰጥቶ አልተቀመጠም፤ ወደ ላሞቹም ራሱ ሮጦ ጥጃውን መረጠ፤ እርጎውንና ወተቱን አቀረበ፤ ሲበሉም ከዛፉ ሥር ቆሞ አስተናገደ። የባለጸጋ ቤት ነበር፤ አገልጋይ ሞልቶት ነበር፤ ቆሞ ያስተናገደው ግን ጌታው ነው።

ጳውሎስም ለጢሞቴዎስና ለቲቶ ሲጽፍ ኤጲስ ቆጶስ እንግዳ ተቀባይ ይሁን ይላል። ወንድ ለሚሾምበት ማዕረግ የተጠየቀ ነገር ነው እንግዲህ፤ ለወጥ ቤት የተተወ አይደለም። ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው ወደ ምድር ሲወጡ፣ ፍም ላይ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ የጠበቃቸው ጌታ ራሱ ነው። አማኑኤል ብለን የምንሰግድለት ዓሣ ጠብሶ «ኑ፣ ምሳ ብሉ» ካለ፣ አንተ ሽሮ ብታማስል ማዕረግህ አይቀንስም። ላሊበላ በገና ሰሞን የከተማው ሰው ከሩቅ የመጣውን ተሳላሚ እግር ሲያጥብ አይተህ ወይም ሰምተህ ይሆናል። እግር የሚያጥብ ሰው በስልክ ማጠብ አይችልም።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ አንቺ ልመለስ፤ «የወሎ ሰው እንግዳ አይሰለችም» የሚለው ነገር ስላንገበገበኝ እሱን ዝም ብዬ አላልፍም።

አማትሽን አንድ ቀን ቡና ላይ ጠይቂያቸው፤ በክፋት ሳይሆን ለማወቅ። በእናታቸው ዘመን አምባሰል ላይ ወይም የጁ ላይ የመሸበት መንገደኛ ሲመጣ ምን ይቀርብለት ነበር? ስለዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ሲያወሩ የምሰማው ይህን ነው፦ እግሩ ይታጠባል፣ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፣ ቤተሰቡ የበላውን ይበላል፣ የገብስ ቆሎ ይዘገንለታል፣ አጎዛ ይነጠፍለታል፣ ጠዋት ይሸኛል። ያ ሰው ስሙ ሳይታወቅ ሄዶ ሊቀር ይችላል። ቤተሰቡ የማሽላ እንጀራ ከበላ እሱም ማሽላ ነው። በግ የሚታረደው ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለዓመት በዓል ነው እንጂ ለመሸበት ሰው ሁሉ አይደለም። የአብነት ተማሪም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም የሚጠይቀው ቁራሽ ነው፤ ቁራሹን ተቀብሎ መርቆ ይሄዳል። የወሎ ሰው እንግዳ የማይሰለቸው ከሌላው የተለየ አንጀት ስላለው አይመስለኝም፤ የሚሰጠው ነገር ከቤቱ ልክ ስለማያልፍ ነው። ልኩን ያለፈው በኋላ የመጣ ነው፤ ሶፋና ቴሌቪዥን ሲገባ፣ እንግዳው ቤታችንን አይቶ ምን ይላል የሚለው ፍርሃት አብሮ ሲገባ።

የወሎ እንግዳ ተቀባይነት ደግሞ የሚታወቀው በጥጋብ ዘመን ብቻ አይደለም። በ1966ቱና በ1977ቱ ድርቅ ያለው ለሌለው ሲያካፍል የሚያካፍለው ከእጅ ወደ አፍ የማይበቃ ነበር። ቅርቡን አንቺም ታስታውሺዋለሽ፦ በ2013 ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሰው ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶቹ ሞልተው የተረፈው በየሰው ቤት ነበር ያረፈው። በጥቅምት 2014 ደግሞ የደሴ ሰው ራሱ ልጁን አዝሎ መንገድ ገባ፤ አስተናጋጁ እንግዳ ሆነ። ያኔ ማንም ዶሮ ወጥ አልጠየቀም። የተጠየቀው ጣራና ውሃ ነበር።

መጻሕፍቱም የሚሉት ከዚህ አይርቅም። አብርሃም እንግዶቹን ሲለምናቸው ቃል የገባው ጥቂት ውሃና ቁራሽ እንጀራ ነው፤ ከዚያ በላይ ያቀረበው ስለነበረው ነው። የሰራፕታዋ መበለት ለኤልያስ ያቀረበችው በማድጋ ከቀራት ዱቄት የጋገረችውን እንጎቻ ነው፤ ተበድራ አይደለም። ሱነማዊቷ ሴት ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ትበልጥብኛለች። ኤልሳዕ በዚያ መንገድ ሲመላለስ አየችና ባልዋን አማክራ በሰገነቱ ላይ ትንሽ ክፍል አሠራችለት፤ በውስጧም አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረች። ባልዋን አማከረች የሚለውን ልብ በይ። ድግስም አልደገሰችለትም፤ በመጣ ቁጥር የሚገባበት ቦታ አዘጋጀችለት። ዮሐንስ አፈወርቅም በቁስጥንጥንያ ሲሰብክ ለምእመናኑ ይህንኑ ነበር የሚላቸው፤ በቤትህ ለክርስቶስ አንዲት ክፍል ለይ፣ አልጋና ጠረጴዛ መቅረዝም አድርግባት። «ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አላት፤ ድሆችን እሷ ትጠብቅ» የሚሉትንም ይወቅሳቸው ነበር፤ ሌላው ሰው ስለጸለየ አንተ መጸለይ ትተዋለህ ወይ እያለ። ታላቁ ባስልዮስ ከቂሳርያ ከተማ ወጣ ብሎ ለእንግዶች፣ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ አሠርቷል፤ ያም መልካም ነበር። አፈወርቅ ግን የእያንዳንዱን ሰው ደጅ ነበር የሚያንኳኳው።

አንቺ የተለየ ክፍል እንደሌለሽ እገምታለሁ። አንድ የሚታጠፍ ፍራሽ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ለማንም የማይነካ አንድ ቁና ዱቄት ይበቃል።

ባለቤትሽ ጴጥሮስን ይጠቅስብሽ ይሆናል፤ ያለ ማጉረምረም እርስ በርሳችሁ እንግድነትን ተቀባበሉ ይላልና። ልክ ነው። ግን ማጉረምረም የሚቀረው አፍን በማፈን አይደለም፤ ድግሱን ሰው ሊሸከመው በሚችለው መጠን በማድረግ ነው። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መዋጮ ሲጽፍ፣ ሌላው እንዲያርፍ እናንተ እንድትጨነቁ አይደለም፤ ሰው የሚመዘነው ባለው መጠን ነው እንጂ በሌለው አይደለም ብሏል። ተበድሮ መደገስን ከዚህ ቃል ጋር ማስታረቅ አልቻልኩም።

እንግዲህ ለዘንድሮው ግሸን። አልቀበልም አትበይ። ክርስትናሽ ይጎድላል ብዬ ሳይሆን፣ ነገሩ በቁጣ ከተዘጋ በሚመጣው ዓመት አማትሽና ባለቤትሽ የሚያስታውሱት ቁጣውን ስለሚሆን ነው። ይልቅስ ባለቤትሽ በጳጉሜን ውስጥ ለሁሉም ይደውል፤ አንቺ አይደለሽም የምትደውዪው፣ እሱ ነው። እንዲህ ይበላቸው፦ «ቤታችን ቤታችሁ ነው። ዘንድሮ የምንችለው ስድስት ሰው ነው፤ ማደሪያ፣ ሽሮና ቡና አለ። ብርድ ልብስና ስንቅ ይዛችሁ ኑ።» ተሳላሚ ስንቅ ይይዛል፤ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ግሸን አምባ ላይ ለመስከረም 21 የሚወጣ ሰው ዶሮ ፍለጋ አልተነሣም። ከስድስቱ የተረፉት አቅም ያላቸው ከሆኑ ደሴ ውስጥ ሆቴልም ፔንሲዮንም አለ፤ ቀድመው ይያዙ። አቅም የሌላቸው፣ በዕድሜ የገፉ ወይም የታመሙ ካሉ ግን ቤቱ የእነሱ ይሁንና ጤነኞቹ ሆቴል ይሂዱ። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የዝምድናው ቅርበት አይሁን።

ምግቡ ቤታችሁ ከሚበላው አይለይ። ጤፉ ከተወደደ ከማሽላ ጋር ይቀላቀል፤ ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነማ ማንም አፍ የለውም። ሥጋ ካማራቸው ራሳቸው በግ ይግዙ፤ ባለቤትሽ ይረድ፣ ይገንጥል፣ ሳህንም ይጠብ። እነዚያን ቀናት ከፋብሪካው ፈቃድ ይውሰድ። ፈቃድ ካላገኘ እንግዳም አልጠራም ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጠንከር ያለ መስሎ ከታየሽ አውቄ ነው።

በዚህ ከምትቆጥቡት ገንዘብ የተወሰነውን ለብቻው አስቀምጡት፤ ለዘመድ አይነካም። ከሰንበቴ ማኅበራችሁ ወይም ከሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም ከዕድሩ ጋር ተነጋገሩበት። ቅሬ የክርስቲያንና የሙስሊሙ የጋራ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ከተከለ፣ በሕይወት ላለና ለመሸበት ሰው አንድ ፍራሽ የሚያስቀምጥበት ቦታ ማሰብ አያቅተውም። ማታ ሰው ቢጣራ ማን ለማን ይደውላል፣ ማን ይወጣል፣ የት ያድራል የሚለውን ቀድሞ መነጋገር ነው። ያን ጊዜ ብቻሽን ከልጆችሽ ጋር ብትሆኚም መልስ አለሽ።

የባለቤትሽን የእህት ልጅ በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። ከመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘመን የተረፈች ዲዳኬ የምትባል ትንሽ የሥርዓት ጽሑፍ አለች። በጌታ ስም የሚመጣውን ሁሉ ተቀበሉ ትልና፣ መንገደኛ ከሆነ የቻላችሁትን እርዱት፣ ነገር ግን ከሁለት ቢበዛ ከሦስት ቀን በላይ እናንተ ዘንድ አይቆይ ትላለች። ሊኖር ከፈለገና ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ፤ ሙያ ከሌለው ክርስቲያን ሥራ ፈት ሆኖ አብሯችሁ እንዳይኖር መላ ፈልጉለት። ያኔም በክርስቶስ ስም የሚነግድ ሰው ነበር ማለት ነው። ልጁ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እንግዳ አይደለም፤ የቤት ልጅ ነው። የቤት ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ልጆችሽን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ የበላበትን ያጥባል፣ ጓደኛ ሲጋብዝም ያበስላል። ይህን የሚነግረው አጎቱ ነው፤ አንቺ ከነገርሽው የአጎት ሚስት ክፋት ይሆናል። ጽሑፏ «መላ ፈልጉለት» ማለቷንም አትርሱት። ስምንት ወር ሙሉ «ሥራ እየፈለገ ነው» ሲባል አብሮት የፈለገ ሰው አለ? አጎቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። ይዞት ሄዶ ያስመዝግበው። ልጁ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም ይሆናል።

የቀረው የጎረቤትሽ ነገር ነው። ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ሥጋው ላይ ያለው ሥርዓት የታወቀ ነው። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን፤ ወሎ ውስጥ ማንም በዚህ ቅር አይሰኝም። በሰርግ ጊዜ ለሙስሊም እንግዶች ሙስሊም ያርዳል፣ ድስቱም ማዕዱም ለብቻ ይሆናል፣ ከዚያ አብሮ ይጨፈራል፣ አብሮ ይመረቃል። ይህ መለያየት ራሱ መከባበር ነው፤ እንግዳዬ ያለ ሥጋት እንዲበላ ልድከምለት ማለት ነው። ቡና ግን እርድ አይደለም። ያቺ ሴት አልጠጣም ማለት መብቷ ነው፤ «ጠጥቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መተው ትችል ነበር። ያደረገችው ግን ሌላ ነው፤ በሰው ቤት ተቀምጣ፣ ለእሷ የምትደክመውን ሴት አዋረደች። ወደ እመቤታችን ልትሳለም በምትሄድበት መንገድ ላይ።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ ጌታ መንገድ ደክሞት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ሳምራዊቷን «ውሃ አጠጪኝ» አላት። እሷ ራሷ ደነገጠች፤ አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበርና። ከእሷ እጅ ጠየቀ። የከተማዋ ሰዎች ሲለምኑትም እነሱ ዘንድ ሁለት ቀን አደረ። እንግዳ መቀበልን ብቻ ሳይሆን እንግዳ ሆኖ መቀመጥንም ያስተማረን እንዲህ ነው፤ እኛ ስለ መጀመሪያው ብዙ እንሰብካለን፣ ስለ ሁለተኛው ዝም እንላለን።

ስለዚህ ጎረቤትሽ ዝም ስላለች የረሳችው አይምሰልሽ። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ሂዱ፤ በቤታችሁ ለደረሰባት ነገር ይቅርታ ጠይቋት። ሴትዮዋን ወክላችሁ አይደለም፤ እናንተ ያኔ ዝም ስላላችሁ ነው። ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቢዘገይም ይሻላል። ዘንድሮም እንደ ልማዷ መጥታ ታፍላ፣ ግን አንቺ ቁጭ ብለሽ ከእሷ ጋር ጠጪ፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም። እንግዶችሽ ፊት ሠራተኛ መስላ አትታይ። በዒድ ደግሞ አንቺ ሄደሽ ሥሪላት።

ያቺ እንግዳ ዘንድሮም የምትመጣ ከሆነ ባለቤትሽ ሲደውልላት ቡናው በማን እጅ እንደሚፈላ አብሮ ይንገራት። ካልፈለገች ውሃ አለ፤ ጠላም አለ።